የካራ አደራ

ትናንት አውቶቡስ ተራ በር ላይ አንዲት ፈታሽ ከፊቴ የቆመውን ገበሬ «ካራህን እዚህ ተው» ስትለው ሰማሁ። ከነአፎቱ ከወገቡ ፈትቶ ሲሰጣት፣ ላብና ቅቤ የጠጣ የቆዳ ሽታ አፍንጫዬን መታው። ያኔ መካነ ሰላም ገበያ ትዝ አለኝ።

ዘመኑ የደርግ ነበር። እኔ የቄስ ልጅ ነኝ፤ ለትዳር የደረስኩ ልጃገረድ ነበርኩ፤ በገበያ ቀን ነጭ ሽንኩርት እሸጥ ነበር። በዚያ ዓመት፣ አዝመራው ከገባ በኋላ፣ ሁለት ገበሬዎች እገበያው መሀል በአንድ በሬ ተጣልተው አንዱ ሌላውን በካራ ወጋው። የተወጋው እዚያው ሞተ፤ ገዳዩ ወህኒ ወረደ። የሟቹ ወንድሞች ቂም ግን አልበረደም ነበር። ይህን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ስብሰባ ጠራና ከእንግዲህ ማንም ካራ ታጥቆ እንዳይወጣ አለ። ወንዶቹ አጉረመረሙ።

«ከከላላ ድረስ ስንመጣ ጅቡንስ ሽፍታውንስ በምን እንመልስ?» አለ አንዱ።

ሊቀመንበሩ «እንግዲያው ገበያ ስትገቡ ለታጣቂዎች አስረክቡ» ቢል፣ አንድ የጨው ነጋዴ «ወላሂ፣ እነሱ እጅ የገባ ተመልሶ አይወጣም» አለ። ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ጭቅጭቁ ባሰ።

በዚህ መሀል የሟቹ ሚስት ከሴቶቹ መካከል ተነሳች። ጥቁር ለብሳ፣ ፀጉሯን ለሐዘን ተላጭታ ነበር።

«ለኔ ስጡኝ» አለች። «መንገድ ላይ ታጠቁ። ገበያ ስትገቡ ለኔ ስጡኝ፤ ስትወጡ እመልስላችኋለሁ።»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ሊቀመንበሩ ወንዶቹን ዞር ዞር ብሎ አየና «እንዳለችው ይሁን» አለ።

በሚቀጥለው ገበያ፣ መግቢያው ላይ ካለው ወይራ ሥር ቁርበት አንጥፋ ተቀመጠች። እኔም ሽንኩርቴን አጠገቧ ዘረጋሁ። ወንዶቹ እየመጡ፣ ጎንበስ እያሉ ካራቸውን ያስረክቧታል። እሷ ከተቀመጠችበት በሁለት እጇ ትቀበላለች። ባለቀንድ እጀታው፣ ባለእንጨቱ፣ ረፋዱ ላይ ቁርበቱን ሞልቶት የተሰጣ እህል ይመስል ነበር። በቅጠሉ መሀል የሚሾልከው ፀሐይ አፎቶቹ ላይ ይጫወታል።

ስንት ገበያ እንዲህ እንዳለፈ አላስታውስም። አንድ ቀን የሰው ድምፅ ጠፍቶ የበጎቹ ጩኸት ብቻ ቀረ። ቀና ስል የገዳዩ አባት ፊቷ ቆመዋል። ልጃቸው ከታሰረ ወዲህ ገበያ ወጥተው የማያውቁ ሽማግሌ ናቸው። የሟቹ ታናሽ ወንድም የወይራውን ግንድ ተደግፎ ነበር፤ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ሽማግሌው ካራቸውን ከወገባቸው ይፈቱ ጀመር። አጠገቤ ቆሞ የነበረው አባቴ ቀረብ ብሎ በቀስታ «ምነው ቤትዎ ትተውት ቢመጡ?» አላቸው።

«ከቤቴ በወጣ ካራ ነው የተጎዳችው» አሉ። «ከቤቴ የወጣ ካራ በእጇ ላስረክብ ብዬ ነው የመጣሁ።»

እሷ ተነሳች። ለማንም ተነስታ አታውቅም። በሁለት እጇ ተቀብላ ከሌሎቹ መሀል አስቀመጠችው።

«ይግቡ አባባ፤ ገበያው ሳይፈታ» አለቻቸው።

ከዚያ ወዲህ ጦርነትም አይቻለሁ፣ መንግሥት ሲወድቅም አይቻለሁ። እንደዚያ ያለ ፀጥታ ግን አልገጠመኝም።

ማምሻውን ሽማግሌው የገዙትን ጨው ተሸክመው ሲመለሱ፣ ካራቸውን በእጀታው በኩል አቀበለቻቸው። ቁልቁለቱን አየት አደረገች፤ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ወደ ባሏ ወንድም ዞራ «እስከ ወንዙ ሸኛቸው» አለችው።

ልጁ የሽማግሌውን ካራ አየ። ከዚያ ጨዉን ከሽማግሌው ትከሻ ተቀበለና፣ ጀርባውን ሰጥቷቸው ፊት ፊት ወረደ። እሳቸው ካራቸውን ታጥቀው ተከተሉት።

ሁለቱም ከዓይናችን ሲሰወሩ ውሃ ለመነችኝ። ቅሉን ሰጠኋት። ውሃው ደረቷ ላይ ፈሰሰ፤ እኔው ይዤ አጠጣኋት።