ያሳጠርሁት ክር

ሰው ስጦታ ሲሰጠኝ መጀመሪያ የማየው ስጦታውን ሳይሆን ፊቱን ነው። ምን ፈልጎ ነው? ለምን ዛሬ? ይህን ክፉ ዐመል ከማን እንደ ወረስሁት አላውቅም። አባቴ የዋህ ነበር፤ እናቴም የጠረጠረችውን ፊት ለፊት ተናግራ ይወጣላት ነበር። እኔ ግን ጥርጣሬዬን ዋጥ አድርጌ ሆዴ ውስጥ አሳድገዋለሁ። አሁን የምጽፈው በዚህ ዐመሌ ቤታችን ላይ ያመጣሁትን ጣጣ ነው።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው። ታላቅ ወንድሜ ደሴ ተምሮ፣ አስተማሪ ሆኖ ወደ ሰቆጣ ሲመለስ ሚስት ይዞ መጣ። እኔ ያኔ ዐሥራ አራት ዓመት ግድም ይሆነኛል። ሚስቱ የደሴ ከተማ ልጅ ናት። ከኮረም ጀምሮ በበቅሎ ስትመጣ ገላዋ ተልጦ ኖሮ ለሦስት ቀን እያነከሰች ሄደች። ቁልፍ ያለው የቆርቆሮ ሳጥን ነበራት፤ ቁልፉን በክር አድርጋ አንገቷ ላይ አንጠልጥላዋለች። ሁሉም መልኳን ሲያይ እኔ ያየሁት ቁልፉን ነው።

ከሳጥኑ ውስጥ የወጡት ሁለት ረጃጅም የብረት መርፌዎችና ብዙ ልቃቂት የሱፍ ክር ናቸው። ክርማ በቤታችንም ሞልቷል። እናቴ ትፈትላለች፣ ሸማኔው ይሸምናል፣ ጋቢ ይሆናል። ሹራብም ቢሆን የመንግሥት ሠራተኞች ለብሰውት እናያለን። ሰው ቤቱ ተቀምጦ በሁለት መርፌ ከክር ልብስ ሲያወጣ ግን አይተን አናውቅም። ይባስ ብሎ ስትሠራ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እናቴ "ነይ ምሳ ቀርቧል" ስትላት ቀናም አትልም። ከንፈሯን ታንቀሳቅስ፣ ታንቀሳቅስና ድንገት ነቃ ብላ "አቤት እማማ፣ ጠሩኝ?" ትላለች።

ለካ የምትይዘውን ክር እየቈጠረች ኖሯል፤ መሐል ላይ ካቋረጠች ቍጥሩ ይጠፋባታል። ይህን ያወቅሁት ኋላ ነው። ያኔ ድምፅ ሳያሰማ የሚንቀሳቀስ ከንፈር ለእኔ አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው፤ ድግምት።

እርግጥ እኛም እሷን የሚያስጠረጥር ነገር አላጣንም። እርስ በርሳችን የምንነጋገረው በኽምጣንጋ ነው፤ እሷ ደግሞ ከአማርኛ ሌላ አታውቅም። ስትገባ ወደ አማርኛ እንዞራለን፣ ወሬው ግን ወዲያው ይቀዘቅዛል። ስለ እሷ የምናወራ ይመስላት ነበር። አንዳንዴ ስለ እሷ እናወራ ነበርና አልተሳሳተችም።

አንድ ቀን እናቴን "እማማ፣ እስቲ ይቁሙልኝ፣ በክር ልለካዎት" አለቻት።

"ኧረ ምን ሆንሁና!" አለች እናቴ። "ሰው በክር የሚለካው ለክታብ ነው። አንቺ ደብተራ ነሽ?"

በእኛ አገር ክታብ የሚጻፈው በባለቤቱ ቁመት ልክ ነው። ደብተራው ሰውየውን ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ በክር ይለካዋል፤ በዚያ ልክ ብራናውን ቀጣጥሎ ይጽፍበታል። ተጠቅልሎ በቆዳ ይሰፋና አንገት ላይ ይታሰራል። ከራስ እስከ እግር የሚጠብቀው በልኩ ስለ ተሠራ ነው። እናቴም ከአንገቷ የማይለይ ክታብ ነበራት። እንግዲህ ልክሽን የያዘ ሰው አንቺን ይዟል ማለት ነው፤ በደግም በክፉም።

የወንድሜ ሚስት ይህን ስትሰማ ከት ብላ ሳቀች። "ታዲያ እዚህ አገር ልብስ ሰፊ የለም እንዴ?" አለች። እናቴም አብራት ሳቀችና ነገሩን እዚያው ረሳችው። እኔ ግን ከነከነኝ።

ከዚያ በሁለተኛው እሑድ ከቅዳሴ ተመልሰን፣ ምሳ በልተን፣ መደቡ ላይ ጋደም ብያለሁ። እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገኝ አንድ ቀጭን ነገር ከትከሻዬ ጀምሮ እስከ እጄ አንጓ እየዳሰሰኝ ወረደ። ዝንብ መስሎኝ ዓይኔን ገለጥ ሳደርግ የወንድሜ ሚስት ክር ይዛ አጠገቤ ተንበርክካለች። ክሩን ቆረጠች፣ ሁለቱንም ጫፍ ቋጠረች፣ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው። እኔ ዓይኔን ጨፈንሁ።

ያን ጊዜ ተነሥቼ "ምን እያደረግሽ ነው?" ብላት ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አላልሁም። የምጠረጥረውን ሰው መጠየቅ አልወድም፤ መያዝ ነው የምወደው።

ብዙም አልቈየ፣ የወንድሜን ልብስ ልታጥብ ወንዝ ወረደች። ቁልፉ ውኃ እንዳይነካው ብላ ግድግዳው ላይ ካለው ችንካር ሰቅላው ሄደች። ሳጥኑን ከፈትሁት። ከታች፣ በነጠላ ቅዳጅ ተጠቅልለው፣ ክሮቹን አገኘኋቸው። ሦስት እስር ናቸው። አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቡናማ፣ አንዱ ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል። ከቀዩ እስር አንዱን ክር በክንዴ ላይ ብዘረጋው ልክ ክንዴ ሆነ። ሰማያዊው የአባቴን ደረት የሚያህል፣ ቡናማው የእናቴን። ከሦስቱ ሌላ ደግሞ አንድ ብቻውን የተቀመጠ ክር አለ፤ ምንም ጨርቅ ያልታሰረበት፣ ከስንዝር ብዙም የማይበልጥ። ይህ የማን ልክ ነው? በቤታችን እንዲህ ያለ ትንሽ ሰው የለም። ከሁሉም በላይ የፈራሁት እሱን ነው።

ወስጄ ለእናቴ ላሳያት አሰብሁ፤ ከዚያ ይልቅ የባሰ ብልሃት መጣልኝ። ልካችንን ባሳጥረው የምታስጽፈው ነገር አይደርስብንም! ቢላዋ አመጣሁና ከእያንዳንዱ ክር አንድ አንድ ስንዝር እየለካሁ ቆረጥሁ። ትንሿን ክር ምድጃ ውስጥ ጨመርኋት። ቁራጮቹን አስከትዬ አቃጠልሁ፤ ሳጥኑን ቆልፌ ቁልፉን ቦታው ሰቀልሁ። ያን ቀን በራሴ የኮራሁትን ያህል ኮርቼ አላውቅም።

ፋሲካ ደረሰ። ፈስከን፣ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ሲጫወት የወንድሜ ሚስት ከጓዳ እየሣቀች ወጣች። ሦስት ሹራብ ተሸክማለች። ሰማያዊው ለአባቴ፣ ቡናማው ለእናቴ፣ ቀዩ ለእኔ። ከጥምቀት ጀምሮ የሠራችው ይህንን ነበር። እኛን ደስ ለማሰኘት ብላ ደብቃን።

አባቴ ሲያጠልቀው እምብርቱ ላይ ቀረ። "ልጄ፣ ሆዴን ብርድ እንዲመታው ፈርደሽበት ነው?" አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የእናቴ እጅጌ ከክርኗ ብዙም አላለፈ። የኔማ ብብቴ ላይ ተወጥሮ አላስተነፍስ አለኝ። አንዲት አክስቴ "የደሴ ሰው አጭር ነው መሰለኝ" ብላ እንደ ገና አሳቀቻቸው።

የወንድሜ ሚስት አልሳቀችም። ገብታ ክሮቹን አመጣች። ቀይ ጨርቅ ያለውን ክንዴ ላይ ዘረጋችው፤ አልደረሰም። ከዚያ ጫፉን ወደ ዓይኗ አቀረበች። የራሷ ቋጠሮ የለም፤ በቢላዋ የተቆረጠ ነው። ቀና ብላ አንድ በአንድ ሁላችንንም አየችን። እኔ ወደ ምድጃው ዞርሁ። እሷ ተመልሳ ገባች፣ ሳጥኑን ስታገላብጥ ይሰማኛል፤ አገላበጠች፣ አገላበጠች። ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር።

በማግስቱ ከግድግዳው ወዲያ ለወንድሜ ስትነግረው ሰማሁ። "የሌላውን ቆርጠውታል፣ ግድ የለም። የልጄን ልክ የት አደረሱት?"

ነፍሰ ጡር መሆኗን የሰማሁት ያኔ ነው። ትንሿ ክር ከጎረቤት አራስ ሕፃን ላይ የወሰደቻት ልክ ናት፤ ለሚወለደው ልጇ ሹራብ ልትሠራባት።

"ማን ይነካብሻል? ጠፍቶብሽ ይሆናል" አላት ወንድሜ።

"ስለ ክርና ስለ ክታብ የነገረኝ ማን ነው? እማማ አይደሉም?"

እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አፌ እንደ ተለጎመ ቀረ። እፍረት ነው፣ ፍርሃትም ነው፤ ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም።

የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በልጅቷ እናት ቤት ስለ ሆነ፣ ደሴ እሄዳለሁ ስትል ማንም አልተገረመ። እናቴ የቤታችንን ነጭ ማር በእንስራ አድርጋ "ለአራስነትሽ ነው" ብላ አስጫነችላት። ከሳምንት በኋላ በቅሎ ነጂው ባዶውን እንስራ ይዞ ከኮረም ተመለሰ። ማሩን ለእሱ ሰጥታው ኖሯል፤ እናቴን "ስትመሰገኚ ኑሪ" ብሎ መረቃት። እናቴ እንስራውን ተቀብላ ጓዳ አስገባችው። በሚቀጥለው እሑድ እጅጌው እክርኗ ላይ የቀረውን ሹራብ ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ሰው ሲሳለቅባት "ምራቴ ናት የሠራችልኝ" ትላለች። እኔ ከኋላዋ እሄዳለሁ፣ እሰማለሁ።

የወንድሜ ሚስት ከመስቀል በኋላ ሴት ልጅ ታቅፋ ተመለሰች። ልጅቷ አንገት ላይ በአዲስ ቀይ ቆዳ የተሰፋ ክታብ አለ። በክታብ ስትስቅ የነበረችው የከተማ ልጅ! ልጇን በክር አስለክታ አስጽፋላታለች። ያስጻፈችው እናቴን ፈርታ እንደ ሆነ ከእኔ በቀር ያወቀ የለም።

እናቴ እጇን ዘረጋች። "አሁን ተኝታለች፣ እማማ።" ልጅቷ ዓይኗን አፍጥጣ ታየናለች። በማግስቱ ዘረጋች። "ላጠባት ነው።" በሦስተኛው ቀን "ሆዷን ቆርጧታል።" ሳምንት ሳይሞላ እናቴ መዘርጋቱን ተወች፤ ልጅቷን ባየች ቍጥር ሁለት እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ትከታቸዋለች። አንድ ቀን እህል ስንለቅም በኽምጣንጋ "ምን አድርጌያት ነው?" አለችኝ። ድምፅዋ የልጅ ድምፅ ሆኖ ነበር። ከዚያ በላይ አልቻልሁም።

የወንድሜ ሚስት ልጇን አዝላ ደጃፉ ላይ መርፌዎቿን ይዛ ተቀምጣለች። ፊቷ ቆምሁና አንዱንም ሳላስቀር ዘረገፍሁት፤ እሑዱን፣ ቁልፉን፣ ቢላዋውን። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ቀናም አላለች። አልሰማችኝም ብዬ እንደ ገና ልጀምር ስል የያዘችውን መስመር ጨረሰችና መርፌዎቹን አስቀመጠች።

"ትንሿንስ?"

"እሳት ውስጥ ጨመርኋት፣ እትዬ።"

ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ቀና ብላ አየችኝና "እማማ ያውቃሉ?" አለች።

"አታውቅም።"

ተነሣች። ልጇን ከጀርባዋ ፈትታ ገባችና እናቴ ጭን ላይ አስቀመጠቻት። "እማማ፣ እስቲ ይያዙልኝ፤ ደከመኝ" አለች። እናቴ እጆቿን ከነጠላዋ አውጥታ አቀፈቻት። ክታቡ ከልጅቷ አንገት አልወለቀም፤ ግን ከዚያ ቀን ወዲያ ልጅቷ ከእናቴ ጭን አልወረደችም።

ለእናቴ ያደረግሁትን አልነገረቻትም። ሹራቦቹን ተርትራ እንደ ገና ሠራቻቸው፤ በዚህኛው እናቴ ራሷ እጇን ዘርግታ ቆማ ተለካች። የኔም ቀይ ሹራብ ተተርትሮ ለልጅቷ ቆብና የእግር ሹራብ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ የዚያ ቤት ሰው ሁሉ ከእጇ ለብሷል። አባቴ እስኪሞት ሁለት ለበሰ፤ አክስቴ ሳትቀር አንገት ልብስ ተሠርቶላታል። እኔንም ረስታኝ አታውቅም። በየፋሲካው ሹራብ ትሰጠኛለች፣ ሁልጊዜም ልኬ ነው። ከሱቅ የተገዛ ነው።