ማውሱን የነቀለው ሰው

በቤተ መጻሕፍቱ የኮምፒውተር ክፍል ከአጠገቤ የሚቀመጠው ጎልማሳ፣ የሚንቀጠቀጥ ቀኝ እጁን ከጭኑ ሥር ሸሽጎ በግራው ብቻ ይጽፋል። በስክሪኑ ላይ የከፈታቸው የመልእክት መስኮቶች ሳይደራረቡ ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ ጽሑፉም የሚገባው ማውሱ ባመለከተው መስኮት ነበር። ዛሬ ግን ከመስኮት ወደ መስኮት የሚሻገረው በኪቦርዱ ቁልፍ ብቻ እንዲሆን አስተካከለና ማውሱን ነቀለው።

«ምነው ጋሼ፣ ተበላሸ እንዴ?» አልኩት ፈራ ተባ እያልኩ።

«ትናንት ስለ ሕመሜ ለሐኪሜ ስጽፍ ይህ እጄ ከጭኔ ሥር አምልጦ ማውሱን ገፋው። ጽሑፉ ለእናቴ በምጽፍበት መስኮት ገብቶ ተላከ። አሁንማ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው» አለና ፈገግ ለማለት ሞከረ።

ወዲያው የእናቱ መልስ ብቅ አለ፦ «ልጄ፣ ለካ በቪዲዮ አላወራም ያልከኝ ለዚህ ኖሯል?»

ደጋግሞ አነበበው። ከዚያም ቀኝ እጁን ከጭኑ ሥር አውጥቶ የጋራ ጠረጴዛችን ላይ አሳረፈው፤ እዚያው ላይ የዘረጋሁት መጽሐፌም አብሮ ይንቀጠቀጥ ጀመር።