ማኅተም የተነፈገው ድረ ገጽ

ከዓመታት በፊት አሶሳ ለሚገኝ አንድ የክልል ቢሮ ድረ ገጽ ሠርቼ ነበር። ርክክቡ አንድ ቀን ቀርቶታል፤ ገጹ ላይ ፎቶ የሚከፍተው ቁልፍ ግን ብጫነው ብጫነው አልሠራ አለ። ያም ሆኖ፣ ለኮምፒዩተሩ ትእዛዝ የሚሰጠው የጃቫስክሪፕት ኮድ ከነገጹ በወረቀት ታትሞ ማኅተም ይረፍበት ተባለና ወደ መዝገብ ቤት ኃላፊዋ ወደ ወይዘሮ ሐዋ ሄድኩ። እንግሊዝኛ አያነቡም።

«ይሄ ከላይ ያለው ምን ይላል?» አሉኝ።

«‹ቁልፉ ሲነካ ፎቶ አሳይ› የሚል ትእዛዝ ነው።»

«ቁልፉስ የት አለ?»

«ከታች።»

ወረቀቱን መለሱልኝ። «ወላሂ ማኅተም አልመታም! ገና ስሙ ያልተነሳን ሰው እንዴት ታዛለህ? መጀመሪያ ቁልፉ ይጻፍ፤ ትእዛዙ ከግርጌ።»

ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፤ ንቅንቅ አላሉም። እልህ ይዞኝ ኮምፒዩተሩ ላይ ኮዱን ቆርጬ ገጹ መጨረሻ ላይ ለጠፍኩት። እንደገና ከማተሜ በፊት እንደ ልማዴ ቁልፉን ተጫንኩ። ፎቶው ብቅ!

ለካ ኮምፒዩተሩ ከላይ ወደ ታች ሲያነብ፣ ገና ያልደረሰበትን ቁልፍ ፈልግ እያልኩት ኖሯል። ሦስት ቀን ያቃተኝን ስህተት እሳቸው ማሽኑን ሳይነኩ አረሙት። አዲሱን ወረቀት አትሜ ሮጬ ሄጄ ነገርኳቸው። ማኅተሙን እፍ ብለው አሳረፉና፣

«ኮምፒዩተሩም መዝገብ ቤት ሠርቷል ማለት ነው» አሉ።