የኮሪያዊው መርዶ

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባው እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። አንድ ሽማግሌ ታመው ሞቱ፤ መካነ ሰላም ውስጥ ይህ ለማንም አዲስ አይደለም። እኔ ግን አንድ ነገር ዋሽቻለሁ።

አያቴ ሸህ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የእኛኑ የቦረናን ሸሆች ታሪክ በአማርኛ ግጥም፣ በአረብ ፊደል ሲጽፉ ኖረዋል። የቀራቸው የመጨረሻው ምዕራፍ፣ የራሳቸው አስተማሪ ታሪክ ነበር፤ እሱን ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ ሰው በሕይወት የለም። እጃቸው መንቀጥቀጥ ስለጀመረ፣ ለሴሚስተር ዕረፍት ስመጣ እየነገሩኝ ልጽፍላቸው ተስማማን።

እኔም ለታሪክ ኮርስ የማቀርበው ሥራ ነበረኝ፤ አገሩ በባዕድ በተያዘች ጊዜ ታሪኳን ይጽፍ ስለነበረ አንድ ኮሪያዊ ሊቅና ገጣሚ። እያነበብኩ ስነግራቸው አያቴ ሰውየውን ወደዱት። በየጧቱ፣

“ኮሪያዊው እንዴት አደረ?” ይሉኛል።

“ታስሯል፣ አብዬ።”

“ወረቀት ሰጡት?”

“አልሰጡትም።”

“አይ፣ ከንቱዎች! በቃሉ ይያዘዋ!”

መጨረሻው ገጽ ላይ ግን ሰውየው እስር ቤት ውስጥ ሞተ፤ መጽሐፉም ሳያልቅ ቀረ። ያን ሰሞን አያቴ ሕመማቸው ጠንቶ እህል መቅመስ ትተው ነበር። ምን ልበላቸው ብዬ እናቴን ጠየቅኳት።

“ለታመመ ሰው መርዶ ይነገራል እንዴ?” አለች። “የኮሪያም ይሁን፣ መርዶ መርዶ ነው።”

ስለዚህ ኮሪያዊው ተፈቶ ቤቱ ገባ፣ በሰማንያ ዓመቱ መጽሐፉን ጨረሰ አልኳቸው።

“አልሐምዱሊላህ!” ብለው ቀና አሉ። አጥሚትም ጠጡ። ደስ ብሎኝ ደብተሬን አወጣሁ።

“እንጀምር፣ አብዬ?”

ሳቁብኝ። “ምን ያጣድፍሻል? እሱ ከእስር ወጥቶ በሰማንያው ከጨረሰ፣ እኔ ገና ሰባ ስድስቴ ነው። ረመዳን ይለፍ። ለሸሄ የሚሆን ግጥም በጥድፊያ አይገጠምም።”

እውነቱን ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቼ ስለማላውቅ ደብተሬን አጥፌ አስቀመጥኩ።

ከዚያ ወዲያ ስለ ኮሪያዊው አልጠየቁኝም። በየቀኑ ደብተሩን ይዤ እቀርባለሁ፤ “ከዒድ በኋላ” ይሉኛል። አንድ ቀን ብቻ ሁለት ስንኝ ወጣቸውና፣ “ይህችን አትጻፊያት፣ አልበሰለችም” አሉኝ። ታዛዥ ነኝና አልጻፍኳትም። አሁን ላስታውሳት ስሞክር ቤት መምቻዋ ብቻ ነው የሚመጣልኝ።

ደብተሩ ላይ ያለው የምዕራፉ ርዕስ ብቻ ነው። አያቴ ያረፉት ረመዳን ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ጁምዓ፣ የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር።