የጥጃዋ ሣር

አሁን በምኖርበት በአርባ ምንጭ፣ ጎረቤቴ የግቢውን ሣር ባጨደ ቁጥር ሽታው አጥሩን ተሻግሮ ይመጣና፣ ደጋ ላይ ያለውን ቤታችንን፣ አያቴ ያረፉበትን በጋ ያስታውሰኛል።

ክረምት ላይ ሣርን ከቁም ነገር የሚቆጥረው አልነበረም። በጋ ሲገባ ግን ከእንሰቱ በቀር ሁሉም ይደርቅ ስለነበር፣ እናቴ ከምንጩ ሥር አንዲት ቁራሽ መስክ ለጥጃዋ ስትል እንደ ዓይኗ ብሌን ትጠብቅ ነበር። በዚያ ስንሮጥ ካገኘችን አለቀልን!

በእኛ አገር ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ፣ የቱንም ያህል የተቆጣ ሰው ረግጦ አያልፍም። ሣሩ ግን እርጥብ መሆን አለበት፤ በደረቅ ሣር ምሕረት አይለመንም።

አያቴ ሲያርፉ፣ አባቴ በእንሰት ድንበር የተጣላውን ታናሽ ወንድሙን «የአባቴን የመቃብር አፈር አይነካትም» ብሎ ማለ። አጎቴ መርዶውን ሰምቶ ከካምባ ገስግሶ ቢደርስም፣ ከለቅሶው ሜዳ ዳር ብቻውን ቆሞ ያለቅስ ነበር። በጣም እወደው ነበር። የቀብሩ ሰዓት እየደረሰ፣ ሽማግሌዎቹ ሣር ፍለጋ ቢንከራተቱ ያገኙት ገለባ ብቻ ሆነ።

እናቴ ለማንም ሳትናገር ማጭዷን ይዛ ወደ ምንጩ ወረደች፤ ያቺን የምትሳሳላትን ሣር ሙልጭ አድርጋ አጭዳ፣ በነጠላዋ ተሸክማ መጥታ ለሽማግሌዎቹ አደለቻቸው። አባቴ ዱላውን ጨብጦ ወደ ወንድሙ ሲያመራ፣ ሁሉም ሣራቸውን ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩ። ቆመ። ሣሩን አየ፣ ከዚያም እናቴን። በዚያ በጋ እርጥብ ሣር የት እንደሚገኝ ሰው እንዲነግረው አላስፈለገውም።

«ጥጃዋስ ምን ልትበላ ነው?» አላት፣ ድምፁ እየተሰበረ።

«ዛሬ ትጹም» አለችው።

ዱላውን ጣለና ወንድሙ አንገት ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ። ቃሬዛውን ጎን ለጎን ተሸከሙት፤ አፈሩንም አብረው መለሱ። በማግስቱ አጎቴ ለጥጃዋ የእንሰት ቅጠል ተሸክሞ መጣ፤ የበልጉ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ሣሩ መልሶ በቀለ።

ዛሬ መርዶው በስልክ ነው፣ ለቅሶውም በኪራይ ድንኳን። ከብቶቹ ከተሸጡ ቆይተዋል። ባለፈው በጋ ልጠይቃት ብሄድ ግን እናቴን ያችኑ ሣር በጆግ ስታጠጣ አገኘኋት።

«እማዬ፣ ጥጃ የለሽም፤ ይሄ ለማን ነው?» አልኳት።

ቀና እንኳን ሳትል፣ «ሰው አለ አይደል» አለችኝ።