መሀል ወንዝ ላይ ማን ይሰድበናል?

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት ነው። ሰው ስለ ወንድሜ ሲጠይቀኝ ቃል ያጥረኛል። ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ቦርከናን ሰው ያሻግር ነበር። ከኮምቦልቻ ዝቅ ብሎ፣ ድልድይ በሌለበት በኩል፣ ከዛፍ ዛፍ ገመድ ወጥሮ፣ የሰውን ክንድ ይዞ። ክረምት ሲሆን መንደራችን ገበያም ሐኪም ቤትም የሚደርሰው በእሱ እጅ ነበር።

ሰይድ ሲያሻግር ይሳደባል። ወራጅ ውሃ ትክ ብለው ካዩት ያዞራል፤ የተናደደ ሰው ግን ውሃ አይታየውም። ዘዴው ይኸው ነበር።

በመጨረሻዋ ቀኑ ጠዋት ጎረቤታችንን እማማ ዘሀራን ይዞ ገባ። መሀል ላይ ቆመው ውሃውን ትክ ብለው ሲያዩ፣ «እማማ፣ ምን በልተው ነው እንዲህ የከበዱት? የሼሁ በግ የጠፋው እርስዎ ሆድ ገብቶ ነው?» አላቸው።

«የበግ ሌባስ አባትህ» ብለው አባታችንን ሰድበው ሳይጨርሱ ደረቅ መሬት ረገጡ። ከኋላ ለቆመው አስተማሪ ደግሞ፣ «መምህር፣ ሱሪዎ እንደ ደመወዝዎ አጥሯል» አለው።

ከሰዓት በቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ ነበር። ደሴ ፒያሳ ቢሮ ያለው አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ማሻገሪያውን ሊረከብ ፈልጎ ሕዝቡን ሊያወያይ መጥቷል። ባለሙያው ወጣት ነው፣ ጫማው ያብረቀርቃል። ገመዱ በብረት ሽቦ ይተካል፣ ተሻጋሪው የመንሳፈፊያ ጃኬት ይለብሳል፣ አሻጋሪዎችም በትሕትና ያገለግላሉ አለ።

ሰይድ እጁን አወጣ። «ጃኬቱን ወደነዋል። ትሕትናው ግን ሰው ያሰጥማል።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ውይይቱ ሳያልቅ ለሌላ ቀን ተቀጠረ።

በዚያው ምሽት ሰይድ ከኮምቦልቻ ሲመለስ የጭነት መኪና ገጨው። ስንት ክረምት ወንዝ ያልደፈረውን ሰው፣ በደረቅ አስፋልት ላይ። በሌላ ሰው ላይ ደርሶ ቢሆን እሱ ራሱ ይቀልድበት ነበር።

ቀብረነው የቅሬው፣ የእድራችን፣ ድንኳን ተተከለ። ስብሰባው የተቀጠረበት ቀን ሲደርስ አዳራሹ ባዶ ሆነ፤ ከቅሬ የሚቀር ሰው የለማ። የቀበሌው ሊቀመንበር ባለሙያውን ይዞ ወደ ለቅሶው መጣ። ዱአ ተደረገ፣ አሚን አልን። ከዚያ ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «መቼም ሰዉ ሁሉ እዚሁ አለ...» አለ።

ውይይቱ በወንድሜ ለቅሶ ላይ ቀጠለ። ልቆጣ ፈልጌ ነበር። ሰይድ ቢኖር ግን በሳቅ ይንከባለል ነበር ብዬ ተውኩት።

ሽቦው ይምጣ ተባለ። ጃኬቱም ይምጣ ተባለ። እማማ ዘሀራ ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ ገለጥ አደረጉ።

«ሁሉም ይምጣ። መሀል ወንዝ ላይ ግን ማን ይሰድበናል?»

ባለሙያው ግራ ገባው። «እናቴ፣ ስድብ በመመሪያችን ውስጥ የለም።»

«እንግዲያ መመሪያህን አስተካክለው፣ ልጄ።»

«ሽቦው እስኪመጣስ ገመዱን ማን ይይዛል?» አለ ሊቀመንበሩ። አንዱ ወደ እኔ ጠቆመ። «ወንድሙ አለ አይደል?»

«እሱ? እሱ እንኳን ሊሰድብ ሰላምታም በስንት ምጥ ነው የሚወጣው» አለ ሌላው። ድንኳኑ ሳቀ። እኔ አቀረቀርኩ። ሰይድ የለም፤ የእሱን ቦታ የሚይዝም የለም ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።

በማግስቱ ገበያ ነበር። ሰይድ የውሃውን ጥልቀት የሚለካበትን ዱላ ይዤ ወደ ወንዙ ወረድኩ። ቀድመው የደረሱት እማማ ዘሀራ ናቸው። ክንዳቸውን ይዤ ገባን። መሀል ላይ ቆሙ። ዓይናቸው ውሃው ላይ ተተክሏል።

«አይዞዎት፣ እማማ» አልኳቸው።

ይባስ ገመዱ ላይ ተጣበቁ። «አይዞዎት አትበለኝ። ስደበኝ።»

ውሃው እየገፋን ነው። የመጣልኝን አልኩ።

«እማማ... ሰይድን... መኪና አልገደለውም። እርስዎን ሲጎትት ነው ያለቀው። መኪናው ሰበብ ነው።»

ቀና ብለው አፈጠጡብኝ። ከዚያ በጃንጥላቸው ትከሻዬን መቱኝ። ባለጌ አሉኝ፣ አሳዳጊ የበደለው አሉኝ፣ እየመቱኝ ተራመዱ። ዳር ስንደርስ ሁለታችንም እናለቅስ ነበር፤ ወይም እንስቅ ነበር። እስከ ዛሬ ሳስበው የትኛው እንደነበር አላውቅም፤ ከሞተ ወዲህ ግን ወንድሜን እንደዚያች ሰዓት ቀርቤው አላውቅም።

እማማ ዘሀራ ነጠላቸውን ጨመቁ። «እሱ ይሻል ነበር» አሉ። «ትለምዳለህ።»

ዞር ስል ከማዶ አስተማሪው ሱሪውን እየጠቀለለ ነው። ተመልሼ ውሃው ውስጥ ገባሁ።