የበቅሎዋ አፍና የባለቤቴ አፍ

አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ የበቅሏችንን አፍ መክፈት ነበር። እኔ ልጓሟን ያዝሁ፤ ባለቤቴ ምላሷን ወደ ጎን ሳብ አድርጎ እጁን እስከ መንጋጋዋ አስገባ። በግብርና ጽሕፈት ቤት የከብት ሐኪም ስለ ነበር፣ ከእብናት እስከ አንበሳሜ እጁ ያልገባበት የበቅሎ አፍ የለም ማለት ይቻላል።

«ይኸውልሽ፣ የኋላ ጥርሷ ሹል አውጥቷል። ካልተሞረደ ጉንጯን ይበላዋል። ይህን በየስድስት ወሩ ማየት ነው፤ እስኪያማት መጠበቅ የሰነፍ ሥራ ነው» አለኝ።

ይህን ሲናገር የራሱ ግራ ጉንጭ እንደ ዳቦ ተነፍቶ፣ ከአገጩ እስከ አናቱ በነጠላዬ ታስሮ ነበር።

«አንተ ሰው፣ ያንተንስ ማን ይየው?»

«እኔ በቅሎ ነኝ?»

«ብትሆንማ መች ያምህ ነበር!»

ሳቀ። የሳቀው ግን ግማሽ ፊቱ ብቻ ነው።

ያ ጥርስ ለዓመታት አብሮን ኖሯል። ሲያመው «ያበጠ ጥርስ አይነቀልም፤ መጀመሪያ እብጠቱ ይጉደል» ይላል። እብጠቱ ሲጎድል ደግሞ «አሁንማ ተሽሎኛል፤ ምን ሆንሁ ብዬ ልሂድ?» ይላል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ጤና ጣቢያ የሚሄድበት ቀን ሳይገኝ ቀረ። ጤና ጣቢያው ሩቅ አልነበረም፤ ለበቅሎዋ ሣር የምናጭድበት ሜዳ ዳር ነው። ቅርንፉድ ግን ከኪሱ አይጠፋም፤ ካፖርቱ እንደ ወጥ ቅመም ይሸት ነበር።

በዚያው ሰሞን የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። ያን ጊዜ ያበጠ ጉንጭ ከስብሰባ አያስቀርም። የዕለቱ አጀንዳ በሽታን አስቀድሞ ስለ መከላከል ነበርና ሊቀ መንበሩ «የተማረ ሰው ይናገር» ብለው እሱን አስነሡት።

«ጓዶች! ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ!» አለ፣ ቃሉን በአፉ ቀኝ በኩል እያሾለከ። አዳራሹ አጨበጨበ።

ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት «ውይ፣ እኒህን ሰው ምን ነካቸው?» ቢሉ፣ አጠገባቸው ያለችው ሴት «ዝም በሉ እማማ፣ ስለ ጤና እያስተማሩ ነው» አለቻቸው።

በማግሥቱ እብጠቱ ወደ አንገቱ ወረደ። ውኃ መዋጥ አቃተው። ጤና ጣቢያው ወደ ባሕር ዳር ላከን፤ በእህል ጫኝ መኪና ጋቢና ውስጥ ራሱን ትከሻዬ ላይ አሳርፎ ሄድን። ሐሙሲትን አልፈን ጥቂት እንደ ተጓዝን እስትንፋሱ ቆመ። ሾፌሩ መኪናውን ዳር አስይዞ ባርኔጣውን አወለቀ። እኔ ነጠላውን ከፊቱ ፈታሁለት፤ ከዚያ ወዲያ የሚያሥረው ነገር አልነበረም።

ከቀብር ስንመለስ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ወደ ጓዳ ጠሩኝ።

«እኅቴ፣ ሰው ሲጠይቅ ምን እንበል?»

«ጥርሱን ታሞ ሞተ በሉ።»

«እንዴት ተደርጎ! ይህን የሚያህል ሰው በጥርስ ሞተ ብንል አይሳቅብንም? ጉበት እንበል። ጉበት ደኅና ነው።»

እንዲህ ሆነና ባለቤቴ አንድ ቀን እንኳ አሞት በማያውቅ ጉበት ሞተ። ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ስለ ጉበት አዋቂ ሆነ። አንዱ ብርድ ነው ይላል፤ ሌላው ጠላ ነው ይላል።

አንዲት ጎረቤቴ ግን ጉንጯን በመዳፏ ደግፋ ከጧት እስከ ማታ ሳትነቃነቅ ተቀመጠች። እኔ ኀዘኔን የተካፈለችኝ መስሎኝ «በቃሽ፣ እንዲህ አትሁኝ» አልኋት።

«ኧረ ጥርሴን አሞኝ ነው» አለች ቀስ ብላ። «እብጠቱ እስኪጎድል እየጠበቅሁ።»

ያን ጊዜ ከተቀመጥሁበት ተነሣሁ።

«ጉበት አይደለም!» አልሁ፣ ድንኳኑ ሁሉ እንዲሰማ። «ጥርሱ ነው የገደለው። እሱም እብጠቱ እስኪጎድል እየጠበቀ ነበር!»

የሳቀ ሰው አልነበረም። የባለቤቴ ወንድም አንገታቸውን ደፉ። ጎረቤቴ በማግሥቱ ጧት ጤና ጣቢያ ሄደች፤ ዛሬም አለች።

እኔ አሁን በየስድስት ወሩ ወደ ጤና ጣቢያው እወርዳለሁ። ሐኪሙ «እናቴ፣ ምንዎን ያምዎታል?» ይለኛል። «ምንም» እለዋለሁ፤ ከወንበሩ ላይ ተቀምጬ አፌን እከፍታለሁ።